ሀሁን እንደ ውሃ ጠጥቶ ማንበብ ያቃተው ልጅ፦ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ልጁን ፊደል ገበታ ፊት አቁሙት። ከሀ እስከ ፐ ያንበለብለዋል፣ ዜማ ሁሉ አለው። ከዚያ መሀል ላይ አንዷን ፊደል በጣታችሁ ንኩና «ይህቺ ማን ናት?» በሉት። ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ከ«መ» ተነስቶ ሙ፣ ሚ፣ ማ እያለ ጣታችሁ ያረፈባት ድረስ እየቆጠረ ነው። ዜማውን ይዞታል፣ ፊደሎቹን ግን ለየብቻ ገና አልተዋወቃቸውም።

መጽሐፍ ላይም ያው ነው። አንዲት የጎረቤቴ ልጅ፣ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ አንድ ገጽ ሙሉ «አነበበችልኝ»። ዓይኗ ግን ግማሹን ጊዜ ጣሪያው ላይ ነበር። ስዕሉን በእጄ ሸፍኜ ከመሀል አንዲት ቃል ባሳያት ጠፋባት። ክፍል ውስጥ በጋራ ሲባል ሰምታ ሰምታ ገጹን በቃሏ ይዛዋለች። እናቷ «ልጄ ታነባለች» ብላ ስትኮራ ነው የከረመችው፤ አይፈረድባትም፣ ማንም የሰማ ያነበበች ይመስለዋል።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገራችን ቋንቋዎች የሚማሩ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የማንበብ ችሎታ ተፈትኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍሎቹ ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ትምህርት ቤት ያልሄዱ ልጆች አይደሉም። ደብተር ይዘው፣ ዩኒፎርም ለብሰው፣ በየቀኑ የሚሄዱ ናቸው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? መምህሩ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። በመመሪያ ደረጃ አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ተማሪ እንዲይዝ ነው የሚታሰበው፤ ብዙ ቦታ ከዚያም በላይ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። 40 ደቂቃ ለ50 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 48 ሰከንድ ይደርሰዋል፣ ያውም ስም ሳይጠራ፣ የቤት ስራ ሳይታይ፣ ሰሌዳ ሳይጠረግ። ስለዚህ መምህሩ ያስተምራል፣ ያስደግማል፣ ይጽፋል፣ ግን እያንዳንዱን ልጅ ብቻውን ሲያነብ ቁጭ ብሎ ሊሰማው አይችልም።

ቤት ውስጥ የሚቻለው ይሄ ነው። መስማት። ብዙ ወላጅ «እኔ መምህር አይደለሁም፣ የዛሬውን ትምህርት አላውቀውም» እያለ ይሸሻል፤ ሌላው ደግሞ ቤቱን ሁለተኛ ትምህርት ቤት አድርጎት ልጁን እስከ ማታ 3 ሰዓት ያስጽፈዋል። ሁለቱም የሚፈለገውን አልያዙትም። ማስተማሩን ለትምህርት ቤት ተዉትና ልጁ ብቻውን ሲያነብና የተማረውን ሲናገር አድምጡት። የሚቀረው ይህንን እንዴት እንደምታደርጉት ነው። ለዚያ ደግሞ ንባብ ልጁ ጭንቅላት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል።

ፊደል ላይ ምን ይከብዳል?

ፊደላችን ሲያዩት ያስፈራል። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ነው፤ «ቨ» ስትጨመር 238፤ በዚያ ላይ እነ ቋ፣ ጓ፣ ኳ አሉ። እንግሊዝኛው 26 ብቻ ነው ብላችሁ ለልጁ እንዳታዝኑለት። የእንግሊዝኛ ፊደል አጠገቡ እንዳለው ፊደል ድምፁን ይለዋውጣል። የእኛው አንዴ ከታወቀ ታወቀ፤ «ቡ» የትም ቃል ውስጥ ብትገባ «ቡ» ናት።

ደግሞም 231ዱን አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልግም። ካዕቦቹን እዩዋቸው፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ቱ። ሁሉም በቀኝ ጎናቸው፣ ወገባቸው አካባቢ፣ አንዲት ጭረት አለቻቸው። ሣልሶቹ ላይ፣ ማለትም ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ቲ ላይ፣ ጭረቷ ወርዳ ቀኝ እግራቸው ስር ትገባለች። ኃምሶቹ ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ቴ እዚያው እግር ላይ ቀለበት ያደርጋሉ። ራብዖቹ ላ፣ ባ፣ ሳ ቀኝ እግራቸው ረዝሞ ግራው ያጥራል። እነ ሩ፣ ሪ እና ፉ አመል አለባቸው፣ እነሱን ለብቻ መያዝ ነው። ማንም ሳያሳያቸው በራሳቸው የሚነቁበት ልጆች አሉ፤ ያልነቁት ግን ካልተነገራቸው እያንዳንዷን ፊደል እንደ አዲስ እንግዳ ነው የሚቀበሏት። አንድ ምሽት ወረቀት ላይ ለ፣ በ፣ ሰ ጽፋችሁ «እስቲ ቀለበት አድርግላቸው፣ ምን ሆኑ?» ብትሉት ጨዋታ ነው የሚሆንለት።

ጣጣው ያለው ሳድስ ላይ ነው። ል፣ ብ፣ ስ፣ ት፣ ን፦ አንዱ ቅርጽ ከሌላው አይገናኝም፣ ሕግ የላቸውም ማለት ይቻላል። አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ ሳድስ አንዳንዴ ድምፁ ትንሽ ይሰማል፣ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል። «ብርድ ልብስ» የሚለውን ውሰዱ። ስድስቱም ፊደል ሳድስ ነው። ልጁ «ብ... ር... ድ... ል... ብ... ስ» ብሎ አንዷንም ሳይስት ይጠራል። «ታዲያ ምን አልክ?» ስትሉት ያፈጥጥባችኋል፤ በየሌሊቱ የሚለብሰውን ነገር እኮ ነው የጠራው! ፊደል አልጎደለውም፣ ድምፆቹን ማጣበቅ ነው ያልቻለው። ይህ ራሱን የቻለ ችሎታ ስለሆነ ብቻውን መለማመድ አለበት።

ልምምዱ መጽሐፍም አይፈልግም። ታክሲ ውስጥ፣ ወይም ሽንኩርት እየከተፋችሁ፣ «ብ... ር... ድ ብልሽ ምን አልኩ?» በሏት። ከዚያ በተራዋ እሷ ትጠይቃችሁ፤ ቃሉን በድምፅ መበታተንም ለመገጣጠም የሚያስፈልገውን ችሎታ ነው የሚያለማምደው። በጆሮዋ መገጣጠም የቻለች ልጅ ወረቀት ላይ ሲመጣባት ብዙ አትቸገርም።

ሌላም አለ። አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይጽፍም። «ገና ገና አልደረሰም» የሚለውን አረፍተ ነገር እናንተ ስታነቡት የመጀመሪያዋን አጥብቃችሁ በዓል አደረጋችኋት፣ ሁለተኛዋን አላልታችሁ አለፋችሁ። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። እንዴት አወቃችሁ? ቋንቋውን ስለምታውቁት ነው። «አለ» የሚለውም ያው፤ ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ልጅም አንብቦ የሚገባው ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀው ከሆነ ነው። ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ቆጥረው ጥርት አድርገው ይጠሩታል፣ የጠሩት ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አያውቁም። ስለዚህ ከልጅ ጋር ዝም ብሎ ማውራት፣ ተረት መንገር፣ ቡና ላይ የሚወራውን (የሚሰማውን ያህል) እንዲሰማ መተው ሁሉ ለንባብ ይሄዳል። ልጁን ስልክ አስይዞ ዝም ማሰኘት ቤቱን ጸጥ ያደርገዋል፣ ቃል ግን አይጨምርለትም።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን የሽምደዳውን ነገር ድሮ ነቅተውበታል። ሀሁ ካለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚባለው የሚመጣው ለዚህ ይመስለኛል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፤ ቀጥሎ በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ እያለ ይወርዳል። ፊደሉም ቤቱም በአንዴ ስለሚዘበራረቅ በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ቤት ውስጥ ያንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። ገበታውን ከላይ ወደ ታች አስቆጥሩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አስኪዱ፣ ፊደሎቹን በትናንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በውዛችሁ አስመርጡ።

አስር ደቂቃ እንዴት ትሁን?

እናንተ ከሥራ ተነስታችሁ፣ ሰልፍ ቆማችሁ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤት ትገባላችሁ። ልጁም ሰርቪስ ለመጠበቅ ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ነው። ሁለታችሁም ደክሟችኋል። ስለዚህ ማንም «በቀን ሁለት ሰዓት አብራችሁ አጥኑ» ቢላችሁ አትስሙት። ለንባብ አስር ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ ይሁን። እሁድ እሁድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ከማለት በየቀኑ አስር ደቂቃ የተሻለ ነው፤ ልጅ የተማረውን የሚረሳው በመሀል ባሉት ቀናት ነውና። መብራት ቢጠፋም በእጅ ባትሪ ትሠራለች።

ልጁ ያንብብ፣ ጣቱ ቃሉ ስር ትሂድ። የጣቷ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ፤ ጣሪያ እያየ የሚያነበንበውን ልጅ የምታስይዘው እሷ ናት። ሲደነቃቀፍ አፋችሁን ያዙ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ይህ ለወላጅ በጣም ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ቃሉ ምላሳችን ጫፍ ላይ ቆሞ ያሳክከናል። ግን ልጁ እያሰበ ያለው ያን ጊዜ ነው፣ ፈጥናችሁ ከነገራችሁት ማሰቡን አቁሞ እናንተን መጠበቅ ይለምዳል። አምስት ቆጥራችሁ ካልመጣለት የመጀመሪያዋን ፊደል ስጡት። አሁንም ካልሆነ ቃሉን ንገሩትና እለፉ፣ ስብከት አያስፈልግም። ተሳስቶ ራሱ ተመልሶ ካስተካከለ ግን «ጎበዝ፣ ራስህ አገኘኸው» በሉት። ንባብ እየገባው ያለ ልጅ የሚያደርገው እሱን ነው።

አንድ መስመር ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ከተደነቃቀፈ መጽሐፉ ከብዶታል ማለት ነው። ክፍል ዝቅ በሉ። የ3ኛ ክፍል ልጅ የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ ቢያነብ ምንም አይሆንም፤ የሚያፍር ከሆነ «ለታናሽህ አንብብለት» ብላችሁ አሳልፉት። ያነበባትን አንዲት አንቀጽም በማግስቱ ድገሟት፣ በሦስተኛው ቀንም። አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ልጁ አቅሙን ሁሉ ፊደል በመለየት ከጨረሰው አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ሲደጋግማት ፊደሉ ያለ ሐሳብ ይወጣለትና ትርጉሙን ለማሰብ ቦታ ያገኛል። «ታዲያ ዝንጀሮው ለምን ሸሸ?» ብላችሁ የምትጠይቁት ያኔ ነው።

እናት ወይም አያት ማንበብ የማይችሉ ከሆኑስ? ይቻላል፣ እንዲያውም አንዳንዴ የተሻለ ይሆናል። አያት ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጠው «እስቲ አንቢልኝ» ይላሉ፤ ልጅቷ ስትሳሳት አረፍተ ነገሩ ትርጉም ያጣል፣ እሳቸውም «ኧረ እሱ ነገር አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ይላሉ። ልጅቷ ተመልሳ ታየዋለች። አያት ፊደል ባይቆጥሩም አማርኛውን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። የሚያደምጣት ሰው በእውነት ለመስማት ፈልጎ ሲሆን ልጅም በወኔ ታነባለች።

የሚነበብ ነገር አታጡም። የመማሪያ መጽሐፍ በቴሌግራም ይዞራል። የሱቅ ታፔላ፣ የብስኩት ማሸጊያ፣ የታክሲ መስታወት ላይ የተለጠፈ ጥቅስ (የሚነበበው ካልሆነ ዓይኑን አዙሩት) ሁሉም ንባብ ነው።

«አጥና!» ማለት ምን ማለት ነው?

ልጅ «አጥና!» ሲባል ምን ያደርጋል? ደብተሩን ዘርግቶ ቁጭ ይላል። ዓይኑ መስመሩ ላይ ይሄዳል። ሐሳቡ ኳስ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ «አጠናሁ» ይላል፣ ውሸቱን አይደለም፣ ያነበበው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። ስለ ማስታወስ የሚደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ግን የሚጸናው ከራስ ጭንቅላት ተስቦ የወጣ ነገር መሆኑን ነው። ደብተር ዘግቶ ማስታወስ ያደክማል፤ ግን ድካሙ ራሱ ነው ትምህርቱን የሚያስቀምጠው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ ራሱን እየፈተነ፣ የያዝነው ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት እንደሚጠፋና መለስ እያልን ስናነሳው እንደሚቆይ አሳይቷል።

ስለዚህ የአካባቢ ሳይንስ ደብተሩን ተቀበሉትና ዝጉት። «የተክል ክፍሎችን ሳልልኝ» በሉት። ስር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባ። አንዱ ቢጠፋበት አትንገሩት፣ ደብተሩን ከፍቶ ራሱ ፈልጎ ያምጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ካሮት እየላጣችሁ «ይሄ የተክሉ የትኛው ክፍል ነው?» ብላችሁ ጣል አድርጉ። (ድንችን አትጠይቁ። መሬት ውስጥ ሆኖ ግንድ ስለሆነ ጭቅጭቅ ያመጣል።) በሳምንቱ ደግሞ አንዴ።

«ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚለውን ግን ተዉት፣ መልሱ «ምንም» ነው፤ በመላው ዓለም ሳይሆን አይቀርም። በምትኩ አንዲት የተወሰነች ነገር ጠይቁ፣ ደብተሩ ላይ ያያችኋትን ስዕል፣ በቀይ የተሰረዘች መልስ፣ ወይም «አጠገብህ የሚቀመጠው ልጅ ያልገባው ምን ነበር?»። የጓደኛውን ሲያወራ የራሱንም ያወጣዋል።

ሂሳብ ላይ

47 ሲደመር 38። ልጁ 715 ብሎ ጽፎ መጣ እንበል። ብዙ ወላጅ ወዲያው «5 ጽፈህ 1 በእጅ! ስንቴ ልንገርህ!» ይላል። ልጁም በሚቀጥለው 5 ጽፎ 1 በእጁ ይይዛል፣ ያቺ አንድ ከየት እንደመጣች ግን አያውቅም። መጀመሪያ «እንዴት እንዳገኘኸው ንገረኝ» በሉት። «7 እና 8፣ 15፤ 4 እና 3፣ 7» ይላችኋል። አያችሁ፣ መደመሩን አልሳተም! ያልገባው የቁጥሩ ቤት ነው፤ 4ቱ አራት ሳይሆን አርባ መሆኑ ነው የጠፋው። ስለዚህ ደጋግሞ ማሠራቱ ችግሩን አይነካውም።

ገንዘብ አውጡ። አራት ባለ 10 ብርና ሰባት የአንድ ብር ሳንቲም፣ ከጎኑ ሦስት ባለ 10ና ስምንት ሳንቲም። ሳንቲሞቹን አንድ ላይ ይቁጠር፣ 15 ሆኑ። «አስሩን ለእኔ ስጠኝና ባለ 10 ብር ልስጥህ።» አምስት ሳንቲም ቀረ፣ ባለ 10ሩ ደግሞ ስምንት ሆነ። 85። በእጅ የተያዘችው አንድ ያቺ ብር ናት። መቀነስ ላይም እንዲሁ፦ 52 ሲቀነስ 27 ሲሉት 35 የሚል ልጅ ከ7 ላይ 2ን ነው የቀነሰው፣ ምክንያቱም ከትልቁ ትንሹ ይቀነሳል ተብሎ ተነግሮታል። ሱቅ ላኩት። 52 ብር ይዞ የ27 ብር ዕቃ ሲገዛ፣ ሁለት ሳንቲም ብቻ ይዞ ሰባት መክፈል ሲያቅተው፣ ባለ 10ሩን መዘርዘር እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ሳንቲም ባይኖራችሁ ባቄላም ጠጠርም ይሆናል፣ አስር አስሩን ኩባያ ውስጥ እያደረጋችሁ።

የማባዛት ሰንጠረዥ ላይ ግን ሽምደዳ ነውር የለውም። 7 ጊዜ 8 ስንት እንደሆነ በየጊዜው በጣት የሚቆጥር ልጅ 4ኛ ክፍል ላይ ማካፈል ሲመጣበት ይሰጥማል። መጀመሪያ ምን ማለት እንደሆነ ይግባው፣ ከዚያ በቃሉ ይያዘው፣ በተዘበራረቀ ተራ እየጠየቃችሁ።

የግል ትምህርት ቤት ልጆች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙዎቹ ሂሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይማሩታል፤ ወላጅ ደግሞ «እኔ እንግሊዝኛዬ ደከም ያለ ነው» ብሎ እጁን ያጥፋል። አታጥፉ። ልጁ በእንግሊዝኛ የተማረውን በአማርኛ፣ ወይም ቤት ውስጥ በምትናገሩት በየትኛውም ቋንቋ፣ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። በአማርኛ ማስረዳት ካልቻለ በእንግሊዝኛም አልገባውም፣ ቃሉን ብቻ ነው የያዘው። ከገባው ደግሞ የእንግሊዝኛው ስያሜ ለማምጣት አያስቸግረውም።

የቤት ስራ፣ አስጠኚና ውጤት

የቤት ስራ መብዛቱን የጉብዝና ምልክት የሚያደርጉ ወላጆች አሉ፣ ትምህርት ቤቶችም ይህን ስለሚያውቁ ይቆልሉታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪስ ኩፐር እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ የቤት ስራ ከውጤት ጋር ያለው ግንኙነት ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉት ጠንከር ያለ፣ ለትንንሾቹ ግን ደካማ ሆኖ ነው ያገኙት። እዚያው አሜሪካ የተለመደው ምክር በክፍል 10 ደቂቃ ነው፤ 1ኛ ክፍል 10፣ 3ኛ ክፍል 30 ደቂቃ። እኛ ጋ 1ኛ ክፍል ሆኖ ሦስት ገጽ ሲገለብጥ የሚያመሽ ልጅ አለ። ካቃተው በቃ አቁሙትና ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ «እስከዚህ በራሱ ሠርቷል፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻውን አልቻለም» ብላችሁ ጻፉ። መምህሩ ማወቅ ያለበት ያንን ነው። እናንተ ከሠራችሁለት መምህሩ «ገብቶታል» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ የእናንተንም የእጅ ጽሑፍ አያጣውም።

አስጠኚ የቀጠራችሁም አንድ ነገር አጣሩ። ብዙ አስጠኚ የሚመዘነው የቤት ስራ አልቆ ስትደርሱ ነው፤ ስለዚህ ያስጨርሳል፣ በግልጽ ቋንቋ ይሠራለታል። «የቤት ስራው ባያልቅም ግድ የለም፣ በየቀኑ አስር ደቂቃ ሲያነብ ስማው» በሉት። ሥራው ይቀየራል።

ጩኸትና ኩርኩምን በተመለከተ ብዙ አልልም። «ደነዝ» የተባለ ልጅ ስለ 47 ሲደመር 38 ማሰቡን ያቆምና የእናንተን ፊት ማንበብ ይጀምራል፣ በእሱም በጣም ጎበዝ ይሆናል። ንዴት ሲመጣባችሁ መጽሐፉን ዘግታችሁ «ነገ እንቀጥላለን» በሉ። የእናንተም አስር ደቂቃ እኮ ናት።

ካርድ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ደረጃ ልጁ ከእነማን ጋር እንደተማረ ነው የሚነግራችሁ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሁሉም ከ90 በላይ ነው። ማለፉም ብዙ አይናገርም፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከመጣ በኋላ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታዩ ሳይወድቁ እንዲያልፉ ነበር የተደረገው። ሐሳቡ ልጅ እንዳይሸማቀቅ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ግን ማንበብ የማይችል ልጅ 4ኛ ክፍል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የፈተና ወረቀቱን ጠይቁ። የሳተውን አንድ በአንድ እዩት። ያላወቀው ነው፣ ወይስ ጥያቄውን ማንበብ ያቃተው? ጥያቄውን እናንተ ጮክ ብላችሁ ስታነቡለት ከመለሰ፣ የሳይንስ ውጤቱን የጎተተው ንባብ ነው። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህን ነው።

ትምህርት ቤት ስትሄዱም «ልጄ እንዴት ነው?» ካላችሁ «ደህና ነው፣ ትንሽ ይረብሻል» ይሏችኋል። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ቲቸር፣ ቤት ሲያነብ ሳድሶቹ ላይ ይይዘዋል፣ እርስዎ ጋስ እንዴት ነው? በሚቀጥለው ሁለት ሳምንት የምትማሩት የቱን ምዕራፍ ነው?» መምህሩ የሚያደምጥ ወላጅ እንደመጣ ይገባዋል፣ መልሱም ሌላ ይሆናል።

«ሰነፍ ነው» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ ብቻ የሚሳሳት፣ መጽሐፍ አፍንጫው ላይ የሚለጥፍ፣ ከኋላ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ችግሩ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም አድርጋችሁ፣ ለወራት በየቀኑ ሰምታችሁት፣ 2ኛ ክፍል ሲጨርስም ፊደሎቹ አሁንም የሚምታቱበት ከሆነ፣ ዲስሌክሲያ የሚባል የንባብ ችግር አለና ስለ እሱ ሐኪም አማክሩ። ከብልህነት ጋር አይገናኝም፤ በሌላ ነገር ሁሉ ቀልጣፋ የሆኑ ልጆች ላይ ይታያል።

የክረምቱን ነገር አስቀድማችሁ አስቡበት። ሰኔ ላይ ገና ማንበብ የጀመረ ልጅ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ መጽሐፍ ሳይነካ ከከረመ መስከረም ላይ ወደኋላ ተመልሶ ነው የምታገኙት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ መጽሐፉን ዓመቱ ሲያልቅ ይቀበሏችኋል፤ ከመመለሱ በፊት ልጁ የወደዳቸውን ጥቂት ገጾች በስልክ ፎቶ አንሱና ያዙ። ዝናቡ አላስወጣ ሲል እነሱን ያነብላችኋል።